ነዋሪ ማን ነው? ከጊደር መጋላ እስከ ቶሮንቶ የተዘረጋው ቤተሰብ እና ሕጉ

ረፋድ ላይ የሐረሩ የጊደር መጋላ ገበያ ጭልፊቶች ከሥጋ ተራው በላይ ያንዣብባሉ። ባለ ሉካንዳው ቁራጭ ሥጋ ወደ ላይ ሲወረውር አንዱ ቁልቁል ተወርውሮ መሬት ሳትነካ ይቀልባታል። ከዚያ ግርግር ጥቂት እርምጃ ፈቀቅ ሲሉ ፎቶ ኮፒ የሚነሳባት፣ ጉርድ ፎቶ የሚታተምባት፣ የኢሚግሬሽን ፎርም የሚሞላባት ጠባብ ክፍል አለች። እዚያ ተራዬን ስጠብቅ አንዲት እናት የፕላስቲክ ከረጢታቸውን ፈተው ወረቀቶቻቸውን ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። የቀበሌ መታወቂያ፣ የኒካህ ወረቀት፣ ባለቤታቸው ከቶሮንቶ የላኩት ደብዳቤ፣ የመጨረሻዋ ልጃቸው የልደት ወረቀት።

ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ወጣት የልደት ወረቀቱን ወደ ብርሃን ጠጋ አድርጎ፣ «እማማ፣ ይሄ 1/5/2000 በእኛ ነው በፈረንጅ?» አላቸው።

«በእኛ ነው እንጂ ልጄ፤ ጥር አንድ ነው የወለድኳት።»

«እንዲህ እንዳለ ከተላከማ ልጅትዋን አይወስዷትም» አለ።

ወጣቱ እውነቱን ነው። ጥር 1 ቀን 2000 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 10 ቀን 2008 ነው። ቁጥሩ እንዳለ ከተነበበ ግን ሜይ 1 ወይም ጃንዋሪ 5 ቀን 2000 ይሆናል፤ ልጅቷ በአንድ እዝባር ስምንት ዓመት ያህል አረጀች ማለት ነው። ካናዳ ወላጅ ሲጠራ አብሮ የሚሄደውን ጥገኛ ልጅ የምታውቀው ዕድሜው ከ22 በታች ከሆነና ካላገባ ነው። የ18 ዓመቷ ልጅ በወረቀት የ26 ዓመት ሴት ሆና እናቷ ሲሄዱ ትቀራለች። ይህን ለማስተካከል የሚጠፋው ጊዜ በወር ሳይሆን በዓመት ሊቆጠር ይችላል፤ መዝገብ ቤት አንድ ጊዜ የገባን የልደት ቀን «ተሳስቼ ነው» ማለት ለጥርጣሬ በር መክፈት ነውና።

የእኚህ እናት ቤተሰብ የሐረር ወግ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ባለቤታቸው ቶሮንቶ ናቸው። ትልቁ ልጅ ጅዳ በኢቃማ፣ በሳውዲ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ይሠራል። ሁለተኛዋ ዲቪ ደርሷት አትላንታ ገብታለች። ወንድማቸው ከብዙ ዓመት የካናዳ ኑሮ በኋላ ጡረታ ወጥተው የዓመቱን ግማሽ ግንብ በከበባት አሮጌዋ ከተማ፣ በጁገል ውስጥ፣ ማሳለፍ ይፈልጋሉ። እሳቸውና ትንሿ ልጅ እዚሁ ግንቡ ውስጥ ናቸው። አንድ ቤተሰብ ነው፤ የአራት አገር ሕግ ግን እየተሻማ ይቆጥረዋል። እኔ ነገሩን ስከታተለው የደረስኩበት ድምዳሜ አንድ ነው፤ ብዙውን ጉዳት የሚያመጣው «ነዋሪ» የምትለው ቃል ናት። ቀበሌ ነዋሪ ሲል መታወቂያ የሰጠውን ነው። ኢሚግሬሽን ነዋሪ ሲል ፈቃድ የያዘውን ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አዘውትሮ የሚኖርበትን ስፍራ ያያል። ገቢዎች ደግሞ ቀን ይቆጥራል። ቤተሰቡ በአንዱ መዝገብ ነዋሪ ሲሆን በሁሉም የሆነ፣ ከአንዱ ሲወጣ ከሁሉም የወጣ ይመስለዋል። መዝገቦቹ ግን አይነጋገሩም።

ሐረር ስለ በርና ስለ መግቢያ ፈቃድ አዲስ ተማሪ አይደለችም። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያስገነቡት ግንብ አምስት በሮች ነበሩት። እ.ኤ.አ. በ1855 መጀመሪያ እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ከተማዋ ገብቶ አሚር አሕመድ እስኪያሰናብቱት አሥር ቀን ያህል ሲጠብቅ ከርሟል፤ መግባቱ ፈቃድ ነበረው፣ መውጣቱም እንዲሁ። ከመቶ ዓመት ወዲህ ግን ነገሩ ተገላበጠ፤ ፈቃድ ለማኙ የሐረር ሰው ሆነ። በ1940 ዓ.ም. ኩሉብ ከተባለው የፖለቲካ እንቅስቃሴ ጋር ተያይዞ በደረሰው እስራትና የንብረት ውርስ ብዙ ሐረሪ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ተበተነ። በ1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ በቤት ኪራይና በእርሻ ይተዳደር የነበረው ቤተሰብ መቆሚያው ተናጋ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ በስደተኛ ካምፕ፣ በባሕረ ሰላጤው፣ ኋላም በዲቪ ወደ ውጭ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጥቀስ፤ ባነሳሁት ቁጥር ይገርመኛል። የሐረሪ ክልል ሕገ መንግሥት ከክልሉ ውጭ በሌላ የኢትዮጵያ ክፍል የሚኖር ሐረሪ ለሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ 14 መቀመጫዎች ድምፅ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ማለትም ከግንቡ የራቀ ሰው ከቤተሰቡ እንዳልወጣ በሕግ የታወቀበት ቦታ አለ። ይህ እውቅና የሚያበቃው ቦሌ ላይ ነው።

የኢትዮጵያ ዜግነት ሕግ ከ1922ቱ ሕግ ጀምሮ ሁለት ዜግነት አያውቅም። ዛሬ የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 378/1996 በአንቀጽ 20 በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘን ሰው ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጥረዋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 33 ማንም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን አይገፈፍም ይላል፤ አዋጁ በዚህ መካከል የሚያልፈው «እንደተወ ይቆጠራል» በሚለው አነጋገር ነው። ቶሮንቶ አዳራሽ ውስጥ እጁን አንስቶ የሚምል ሰው በልቡ ያለው እናቱን ያለ ጭንቀት ተመላልሶ ማየት ሊሆን ይችላል። ሕጉ ግን ልቡን አይጠይቅም። ውጭ አገር ለተወለደው ልጅ ደግሞ የበለጠ ጠባብ መስኮት አለ። በመወለዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ልጅ 18 ዓመት በሞላው በአንድ ዓመት ውስጥ ያንን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚመርጥ ካላስታወቀ፣ እሱም እንደተወ ይቆጠራል። ስንት የ18 ዓመት ልጅ ይህን መስኮት ያውቃል? ወላጆቹ ራሳቸው አያውቁትም። መመለስ የሚፈልግ በአንቀጽ 22 መሠረት ተመልሶ አገሩ ላይ መኖሪያውን አድርጎ፣ የያዘውን ዜግነት ጥሎ ማመልከት ይችላል፤ ልጆቹ ቶሮንቶ ትምህርት ቤት ላሉበት አባት ግን ይህ አማራጭ አይባልም።

ስለዚህ ክፍተቱን የሞላው ቢጫ ካርድ ነው። አዋጅ ቁጥር 270/1994 የውጭ ዜጋ ሆኖ ቀድሞ ኢትዮጵያዊ የነበረን፣ ወይም ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረን ሰው «ትውልደ ኢትዮጵያዊ» ብሎ መብት ይሰጠዋል። ያለ ቪዛ ይገባል፤ የመኖሪያ ፈቃድና የሥራ ፈቃድ አይጠየቅም፤ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ኢንቨስት ያደርጋል፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሊኖረው ይችላል። መምረጥና መመረጥ፣ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መቀጠር ብቻ አይችልም። ዜግነትን አጥፍቶ በካርድ መካስ የፍትሕ ጉድለት አለው ብዬ አምናለሁ፤ ይሁንና እንደ ካርድ ከተመዘነ ቢጫ ካርድ ለሐረር ቤተሰብ ከየትኛውም ወረቀት ይበልጣል። ምክንያቱ ቤቱ ነው።

የጁገልን ቤት የሚያውቅ ይረዳኛል። ጌይ ጋር በሚባለው የሐረሪ ቤት ውስጥ ሲገቡ ነደባ የሚባሉት መደቦች በደረጃ ከፍና ዝቅ ብለው፣ ግድግዳው በስፌት ተሞልቶ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ ቤቱ ራሱ ይናገራል። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ጁገልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የመዘገበው እነዚህን ቤቶችም ነው። እናት ወይም አባት ሲያርፉ ቤቱ ለልጆች ይተላለፋል፤ ከልጆቹ አንዱ ካናዳዊ፣ አንዷ አሜሪካዊት ናቸው እንበል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 390 ጀምሮ የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት ሊሆን አይችልም ይላል፤ በቅን ልቦና እጁ የገባበት ሰው በ6 ወር ውስጥ ለኢትዮጵያዊ እንዲያስተላልፍ ይታዘዛል። ያልታደሰ ወይም ከነጭራሹ ያልወጣ ቢጫ ካርድ ማለት እንግዲህ ይህ ነው፤ አያት የተዳሩበትን ቤት ለመሸጥ የ6 ወር ቀጠሮ። ካርዱ የ5 ዓመት ዕድሜ ስላለው «ድሮ አውጥቼ ነበር» ማለት አያድንም። በ2017 ዓ.ም. የውጭ ዜጎች ቢያንስ 150,000 ዶላር አውጥተው ቤት እንዲይዙ የሚፈቅድ አዋጅ ጸድቋል፤ እሱ ግን ለገዢ የተዘጋጀ መንገድ ነው፣ ድርሻው የአንድ ክፍል ሲሶ ለሆነ ወራሽ የሚረዳው ነገር የለም።

የውርሱን ጉዳይ ብዙ ቤተሰብ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ይጨርሰዋል፤ ባለጉዳዮቹ ከተስማሙ ሕጉም ይፈቅዳል። ውጭ ያለው ልጅ የሚሰናከለው ከፍርዱ በኋላ፣ ውክልናው ላይ ነው። ኤምባሲ ያረጋገጠው ውክልና አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ደርሶ፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ተመዝግቦ ነው ሐረር ላይ የሚሠራው። ውክልናው «ንብረቴን እንዲያስተዳድር» ብቻ ካለ መሸጥም፣ መካፈልም፣ ባንክ ማንቀሳቀስም አይቻልም። እያንዳንዱ ሥልጣን በስሙ መጠራት አለበት። በዚህ ምክንያት ተመልሶ ኦታዋ የተላከ ውክልና በዓይኔ አይቻለሁ፤ ወንድምና እህት ለዓመት ተኮራርፈውበታል።

ወደ ሌላው አቅጣጫ፣ ከሐረር ወደ ውጭ ወደሚደረገው ጉዞ ስንሄድ፣ ብዙ ትዳር የሚፈተነው ኒካሁ ላይ ነው። ሙሽራው ቶሮንቶ፣ ሙሽሪት ሐረር፤ ወኪል ተቀምጦ፣ ስልክ ተከፍቶ፣ ኒካሁ ይታሰራል። በሃይማኖቱ ዘንድ ወኪል መቀመጡ ነውር የለበትም። ካናዳ ግን ከእ.ኤ.አ. ጁን 2015 ጀምሮ ሁለቱ ተጋቢዎች በአካል ያልተገኙበትን ጋብቻ፣ በስልክም ሆነ በወኪል፣ ለቤተሰብ ጥሪ አትቀበልም። አሜሪካም ተጋቢዎቹ በአካል ባልተገናኙበት ሥነ ሥርዓት የታሰረን ጋብቻ፣ ከዚያ በኋላ በሥጋ ግንኙነት ካልጸና በቀር፣ አታውቀውም። የእኛው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ራሱ ጋብቻ በወኪል እንዳይፈጸም ይከለክላል፤ ፍትሕ ሚኒስቴር በከባድ ምክንያት ሲፈቅድ ብቻ ይቻላል። አንድ የአውሮፕላን ትኬት ቆጥበው በስልክ ያሰሩት ኒካሕ ኋላ የሁለት ሦስት ዓመት መለያየት የሚያመጣው በዚህ ነው። ሙሽራው መጥቶ፣ ኒካሁ ፊት ለፊት ታስሮ፣ ከዚያም በወሳኝ ኩነት መዝገብ መስፈር አለበት። የወሳኝ ኩነት አዋጅ ቁጥር 760/2004 ሲሆን ምዝገባው በአገር ደረጃ የጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት ያገቡና የወለዱ ብዙዎች ወደ ኋላ ተመልሰው መመዝገብ ያስፈልጋቸዋል።

ከዚህም የከፋ አለ። ካናዳ ስትገባ ያልጠቀስከውን ልጅ ኋላ መጥራት አትችልም የሚል ደንብ አላት፤ አንቀጽ 117(9)(መ) የሚባለውን ስደተኛው ሁሉ በቁጥሩ ያውቀዋል። ከትዳር ውጭ የተወለደ፣ ከቀድሞ ሚስት የተወለደ፣ ወይም «ይሞታል» ተብሎ ካምፕ የተተወ ልጅ ሳይነገር ይቀራል፤ ለሐፍረት ወይም ጉዳዩ እንዳይጓተት ተብሎ። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2019 ወዲህ በሙከራ መልክ ለአንዳንዶች በሩ ተከፍቷል፤ ለሁሉም ግን አይደለም። ይህን የምጽፈው ፎርም የሚሞሉ ወጣቶች እንዲያነቡት ነው። «ስንት ልጅ አለዎት?» የሚለው ጥያቄ ላይ ደንበኛው ቆም ካለ፣ እናንተም ቆም በሉ።

ስም ደግሞ ሌላ ገመድ ነው። እናት በአባታቸው ስም፣ ልጅ በአባቱ ስም፣ አባትም በገዛ አባቱ ስም ይጠራሉ፤ አራት ሰው ባለበት ቤት ሦስት «የቤተሰብ ስም» ይወጣል። መሐመድ በአንዱ ፓስፖርት በአንድ ሆሄ፣ በሌላው በሌላ ይጻፋል። አንዱን አጻጻፍ ከመጀመሪያው ፓስፖርት ወስዶ በሁሉም ወረቀት ላይ እሱኑ መድገም ነው መድኃኒቱ፤ ውበት መምረጥ አያስፈልግም።

አሮጊት እናት ልጆቻቸውን ለመጎብኘት ሲፈልጉ ቶሮንቶ ከሌሎቹ ይሻላል። ሱፐር ቪዛ የሚሉት ለወላጅና ለአያት የተዘጋጀ በመሆኑ አንድ ጊዜ ከገቡ እስከ 5 ዓመት ያስቀምጣል፤ የጤና መድኅንና የጠሪው ልጅ ገቢ ይጠየቃል። አውሮፓ ግን ጨክኗል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኤፕሪል 2024 በኢትዮጵያውያን ላይ የሼንገን ቪዛ ውሳኔ ጊዜን ከ15 ወደ 45 ቀን አራዘመ፤ ተመላላሽ ቪዛም ከለከለ። ምክንያቱ መንግሥት የተባረሩ ዜጎቹን ለመቀበል በቂ ትብብር አላደረገም የሚል ነው። ፍራንክፈርት ያለች ልጇ ስትወልድ ልታርሳት ያሰበች እናት ከዚህ ክርክር ጋር ምን አገናኛት? ቅጣቱ ግን እሷ ላይ ነው ያረፈው።

የጅዳውን ልጅ ነገር ባጭሩ ልበለው። የኢቃማው ዕድሜ በአሠሪው እጅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በእያንዳንዱ ጥገኛ ላይ የተጣለው ወርኃዊ ክፍያ በ2020 ወደ 400 ሪያል በመድረሱ ብዙው ሚስትና ልጅ ወደ አገር ልኳል። እዚያ የተወለዱ ልጆች የሳውዲ ዜግነት አያገኙም፤ በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6 ግን ኢትዮጵያዊ ናቸው። ልደታቸውን ቆንስላው ጋ ሳያስመዘግቡ ያደጉ ልጆች ሲባረሩ በእጃቸው ምንም ወረቀት ሳይኖር ይገኛሉ።

አሁን ወደ ግብር እንግባ፤ ማንም በቪዛ ቀን የማያነሳው፣ ከቪዛው በኋላ ግን ዕድሜ ልክ የሚከተለው እሱ ነው።

የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ነዋሪ የሚለው መኖሪያውን ኢትዮጵያ ያደረገን፣ ወይም በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ በተከታታይ ወይም በመመላለስ ከ183 ቀን በላይ ኢትዮጵያ የቆየን ሰው ነው። ነዋሪ ከየትም ዓለም ባገኘው ገቢ ላይ ግብር አለበት፤ ነዋሪ ያልሆነ ከኢትዮጵያ በሚያገኘው ላይ ብቻ። እዚህ ላይ ዜግነትም፣ ቢጫ ካርድም፣ ቪዛም አይጠየቅም። ቀን ነው የሚቆጠረው።

የእኚያን እናት ወንድም እንውሰድ። ካናዳዊ ናቸው፤ ቢጫ ካርድ አላቸው። ረመዷንን ሐረር ጾመው፣ ሹዋሊድን አክብረው፣ የአሹራን ገንፎ በልተው፣ 210 ቀን ተቀምጠው ሊመለሱ ያስባሉ። ባለቤታቸውና ቤታቸው ቶሮንቶ ነው። 210 ቀን ከ183 ስለሚበልጥ በእኛ ሕግ የግብር ነዋሪ ሆኑ፤ የካናዳ ጡረታቸውም ጭምር ከጥያቄ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ካናዳ ደግሞ ባለቤትና ቤት እዚያ እስካለ ድረስ ነዋሪዬ ናቸው ትላለች። ሁለት አገር አንድን ሰው «ነዋሪዬ» ሲል የሚዳኘው የተደራራቢ ግብር ማስቀረት ስምምነት ነው። በኢትዮጵያና በካናዳ መካከል እንዲህ ያለ ስምምነት የለም። ከአሜሪካም ጋር የለም፣ ከአውስትራሊያም የለም። ሐረሪ በብዛት የሰፈረባቸው ቶሮንቶ፣ አትላንታና ሜልበርን ሦስቱም ያለ ዳኛ ናቸው። የደመወዝ ግብር ከሌለባት ከሳውዲ ጋር ግን በ2013 እ.ኤ.አ. ስምምነት ተፈርሟል። ከብሪታንያ፣ ከጣልያን፣ ከፈረንሳይ፣ ከኔዘርላንድስ ጋርም አለ።

የአዛውንቱ ቆጠራ በዚህ አያበቃም። የኦንታሪዮ የጤና ካርድ በየ12 ወሩ 153 ቀን ክፍለ ሀገሩ ውስጥ መገኘትን ይጠይቃል፤ ከ365 ላይ 210 ሲቀነስ 155 ይቀራል። አንድ በረራ በሦስት ቀን ቢዘገይ የጤና መድኅናቸው አደጋ ላይ ነው። የእርጅና ጡረታው ከ18 ዓመት ዕድሜ በኋላ 20 ዓመት ካናዳ ለኖረ ሰው የትም ቢሄድ ይከፈላል፤ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚጨመረው ድጎማ ግን ከወጡበት ወር በኋላ 6 ወር ሲያልፍ ይቆማል። እነዚህ ቁጥሮች፣ 183፣ 153፣ 6 ወር፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መሥሪያ ቤት አላቸው። የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ያለው ሰው ደግሞ ሌላ ይጨምራል፤ በ5 ዓመት ውስጥ 730 ቀን ካናዳ መገኘት። ይህን አይቼ አዛውንቱን 180 ቀን ይበቃዎታል ብያቸዋለሁ። ለሐረር ልባቸው የሚበቃ አይደለም፤ ሁሉንም መዝገብ የሚያስማማው ቁጥር ግን እሱ ነው።

የአትላንታዋ ልጅ ጉዳይ ለየት ይላል። አሜሪካ ግሪን ካርድ የያዘንና ዜጋዋን የትም ቢኖር በዓለም ገቢው ላይ ትጠይቃለች፤ ዜጋን በዜግነቱ ብቻ እንዲህ የምትከተል ሌላዋ አገር ጎረቤታችን ኤርትራ ናት። ልጅቷ እናቷ ሲያረጁ «አንቺም ፈርሚበት» ተብላ የሐረር ንግድ ባንክ ሒሳባቸው ላይ ፊርማዋን አስገብታለች። በፊርማዋ የምታዝባቸው የውጭ ሒሳቦች ድምር በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ በየዓመቱ ማሳወቅ አለባት፤ ገንዘቡ የእናቷ ቢሆንም። ግሪን ካርዱም ከአንድ ዓመት በላይ ውጭ መቆየትን አይታገስም፤ እናት ታማ የምትመጣ ከሆነ ከመነሳቷ በፊት የመመለሻ ፈቃድ ማመልከት አለባት፤ ሐረር ከገባች በኋላ ማመልከት አይቻልም። አትላንታ የተወለደ ሕፃን ሐረር አምጥተው ቢያሳድጉትም ያው አሜሪካዊ ግብር አሳዋቂ ሆኖ ያድጋል።

በቤት ኪራዩ ላይ ያለው ስሕተት በጣም የተለመደ ነው። ውጭ ያለው ወራሽ ሐረር ያከራየው ቤት ገቢ የኢትዮጵያ ምንጭ ያለው ገቢ ነው፤ ባለቤቱ የትም ይኑር እዚህ ግብር አለው። ካናዳም ነዋሪዋን በዚያው ኪራይ ላይ ትጠይቃለች፤ ነገር ግን ሐረር ላይ የተከፈለውን ታቀናንስለታለች። ለማቀናነስ ግን ደረሰኝ ያስፈልጋል። ኪራዩን የሚሰበስበው የአክስት ልጅ ግብሩን ከፍሎ ደረሰኙን ይጥለዋል፤ ወይም በወራሾቹ ስም ሳይሆን በሟች አባት ስም ያስቆርጠዋል። ያ ወረቀት ቶሮንቶ ላይ ዋጋ የለውም። የዓመቱም አቆጣጠር አይገጥምም፤ የእኛ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፣ የካናዳና የአሜሪካ እስከ ዲሴምበር 31 ነው። ሜልበርን ብቻ ዕድለኛ ናት፤ የአውስትራሊያ የግብር ዓመት የሚዘጋው ጁን 30፣ የእኛ ሰኔ 30 ከመዘጋቱ አንድ ሳምንት ቀድሞ ነው። ስለዚህ ለቶሮንቶ የሚላክ የሐረር ደረሰኝ ላይ ወራቱ ተለይተው መጻፍ አለባቸው፤ እስከ ታኅሣሥ ያለው ለአንዱ ዓመት፣ ከዚያ ወዲያ ለሚቀጥለው። ለዚህ የሒሳብ ባለሙያ አያስፈልግም፤ አንድ ደብተር ይበቃል።

መንግሥት ሊያደርገው የሚገባው ከሁሉ በፊት ምንድን ነው ብባል የሁለት ዜግነት ክርክሩን ትቼ መጀመሪያ የግብር ስምምነቱን እላለሁ። ዜግነት ፖለቲካ ነው፣ ጊዜ ይወስዳል። ከካናዳ፣ ከአሜሪካና ከአውስትራሊያ ጋር ስምምነት መደራደር ግን የገንዘብ ሚኒስቴር የዕለት ሥራ ነው፤ ከጣልያን ጋር ተደርጓል፣ ከብሪታንያ ጋር ተደርጓል። ከዚያ ቀጥሎ በልደትና በጋብቻ ወረቀት ላይ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ወሩም በፊደል ይጻፍ። ይህ በጀት የማይጠይቅ ነገር ነው። ስንት ልጅ በእዝባር ምክንያት እንደቀረ የቆጠረ የለም፤ እኔ ግን በአንድ ረፋድ ልትቀር የነበረችን አንዷን በዓይኔ አይቻለሁ።

የፎቶ ኮፒ ቤቱ ወጣት ወረቀቱን ለእናትየዋ መለሰላቸው። በትንሽ ብጫቂ ላይ «ጥር 1 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ጃንዋሪ 10 ቀን 2008 እ.ኤ.አ.» ብሎ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ወሩን በፊደል ጻፈላቸው። «ወሳኝ ኩነት ይሂዱና እንዲህ አድርገው ይጻፉልኝ ይበሉ። ቁጥር ብቻ ከጻፉ አይቀበሉ፣ እማማ።»

«ዛሬ ይደርስልኛል?»

«ከምሳ በፊት ከሄዱ።»

ብጫቂዋን አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱ። ስልካቸውን አወጡና ባለቤታቸውን ሊነግሩ ቁጥሩን ከነኩ በኋላ ሰዓቱን አዩ። ገና አራት ሰዓት ነበር፤ ቶሮንቶ አልነጋም። ስልኩን መልሰው፣ ከረጢታቸውን አንስተው፣ በሥጋ ተራው በኩል ወጡ።